በጉጉፍቱ መንገድ ያገኘሁት አባት

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ልታከም ደሴ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ከመጨረሻ ልጄ የሚያንስ ጎረምሳ ነው። አገላብጦ ካየኝ በኋላ «እማማ፣ የደከመው የቅርቡ ነው፤ የሩቁን ደህና ያያሉ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። በዚህ ዕድሜ የማን ቅርብ ነው የማይደክመው? ትናንት እራት የበላሁት ይጠፋኛል፤ በሰርጌ ቀን የለበስኩትን ቀሚስ ግን ከነቀለሙ፣ ከነአዝራሩ፣ ከሰፊው ስም ጋር ልንገራችሁ ብል ይመሻል። ጠብታዬን ይዤ በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ወረድኩና ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ የመስኮቱን ወንበር ያዝኩ። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ግን መስኮቱን እይዛለሁ።

አጠገቤ አንዲት ሴትዮ መጥታ ተቀመጠች። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ ዓይኗን በትልቅ ጥቁር መነጽር ጋርዳዋለች። ሻንጣዋ ዙሪያውን በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ነው። ረዳቱ «ለዚህ የብቻው ሂሳብ አለው» ሲላት ሳትከራከር ከፈለችው። ከሩቅ አገር እንደመጣች ያወቅኩት በዚያ ነው፤ የኛ አገር ሴት ሳትከራከር አትከፍልም። የሽቶዋ ጠረን መኪናውን ሞላው። ከደሴ ወጥተን ሽቅቡን ስንያያዘው ወደኔ ዘንበል አለች።

«ወዴት ነዎት እናቴ?»

«መካነ ሰላም። አንቺስ?»

«አቀስታ። ቤቴ ልገባ።»

«አቀስታ እኔም ዘመድ አለኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የእንድሪስን ቤት ያውቁታል? ከገበያው በላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ያለውን?» አለችኝ።

«እንዴት አላውቀው! አባቴ ናቸው እኮ!» አልኩ ደስ ብሎኝ።

መነጽሯን አወለቀች። የማውቃቸው ዓይኖች ናቸው።

«አባቴ አንድ ሴት ልጅ ብቻ ነው የነበረው» አለች። «እሷም እኔ ነኝ። አንቺ ማን ነሽ?»

እርስዎ ማለቱ ቀረ። አልተቀየምኳትም። ይቺ ሀዋ ናት። ገና ልጅ ሳለች ለማንም ሳትናገር በባቲ በኩል ተሻግራ ዓረብ አገር የገባችው፣ ስሟን ሰምቼ ሰምቼ ፊቷን አንድ ቀን አይቼው የማላውቀው ሀዋ። አባቷ ሲሞቱ አልነበረችም። እኔ ግን ነበርኩ።

«የሺ እባላለሁ» አልኳት። «ልጅ የሆንኩት በመንገድ ላይ ነው። በዚሁ መንገድ።»

«እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው?»

«በኋላ ነው።»

«ቶሎ ነው የተካኝ ማለት ነው» አለችና ፊቷን ወደ ፊት አዞረች። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ሁሉ ለዚያች ቃል መልስ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ያኔ ደሴ ስል ዛሬ ያለችውን ፎቅ በፎቅ የሆነች ከተማ እንዳታስቡ። ጉም ሲወርድ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ይጠፋብን ነበር፤ ጉሙ ሲነሳ ልብስ ሰፊዎቹ በየበረንዳው ላይ ሲንገር መኪናቸውን ሲያስረግጡ ይታያሉ። በስሙኒ ትኩስ አምባሻ ተገዝቶ ለሁለት ይበላ ነበር። ሐምራዊ ናይለን ቀሚስ የለበሰች ልጅ በፒያሳ ካለፈች እስከ ሸዋ በር ድረስ ወሬዋ ይቀድማታል። እኔም ሐምራዊ ናይለን ነበረችኝ፤ ነጫጭ አዝራር ከአንገት እስከ ወገብ የተደረደረባት። ታደሰ ያየኝ በሷ ነው። የመካነ ሰላም መምህር ነበር፤ ክረምት ክረምት ለትምህርት ደሴ ይመጣል። ሁለት ክረምት ሙሉ ሲያየኝ ከርሞ በሦስተኛው ሽማግሌ ላከ። ፀጉሩን እንደዚያን ጊዜ ጎረምሶች ጎፈሬ አድርጎ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ፣ ታችኛው ሰፊ የሆነ ሱሪ ለብሶ ሲንጎራደድ ብታዩት መምህር አትሉትም። ዛሬ ጎፈሬውም ሱሪውም የለም፤ ራሰ በራ ሆኖ ቤት ተቀምጦ «የት ደረስሽ?» እያለ በየሰዓቱ ይደውላል።

ሰርጋችን ዓቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ተቆረጠ። ጊዜው ግን ወንድ ልጅ መንገድ ላይ የማይታይበት ጊዜ ነበር። ኬላ ላይ ወጣት ለጦርነት እየታፈሰ ከመኪና ይወርዳል፤ ከወረደ ወሬው የሚሰማው ከሩቅ ነው፣ ከተሰማ። ታደሰና ሚዜዎቹ ሊወስዱኝ ደሴ ቢመጡ ሙሽራም ሚዜም እንደወጡ ይቀራሉ። ወንድሜ ቆጥ ላይ ተደብቆ ነበር የሚያድረው። አባቴ ሞቷል። እናቴ እግሯን ታማ ከአልጋ አትወርድም፤ ከፋሲካ ወዲያ ይሁን ስንላት ደግሞ «ለፋሲካ መድረሴን ማን ነገራችሁ?» ትላለች። በመጨረሻ እሷው ፈረደች። «ሙሽራው መንገድ ካላገኘ ሙሽራዋ ትሂድ። ሴት አያፍሱም» አለችኝ። መረቀችኝ፣ አለቀሰች፣ ቆርቆሮ ሳጥኔን አስጭና ሰደደችኝ። ብቻዬን። የከተማ ልጅ ነኝና ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ከነሳጥኔ መኪና ላይ መውጣት ብቻ መስሎኝ ነበር።

የተሳፈርኩበት መኪና ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የጫነ ኤንትሬ ነበር። የዛሬ ልጆች ኤንትሬን አታውቁትም፤ አፍንጫው ደፍጣጣ፣ ዳገት ላይ ሲያቃስት ሰው የሚያሳዝን የጣሊያን ከባድ መኪና ነው። ጋቢና ውስጥ አራት ነበርን። ሾፌሩ ቴፑ ስለተበላሸበት ራሱ አምባሰል እያንጎራጎረ ይነዳል። እትዬ ትጓደድ የሚባሉ የመካነ ሰላም ቅቤ ነጋዴ ቅቤያቸውን ደሴ ሸጠው ሲመለሱ ነው፤ ባዶው ቅላቸው ግን እቅፋቸው ውስጥ ሆኖ መኪናውን በሙሉ ቅቤ ቅቤ አሸተተው። በሩ ጥግ ደግሞ ባና የደረቡ፣ ነጭ ጥምጣም ያሰሩ ሰውዬ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። የአቀስታው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከደሴ ጀምሮ ቃል አልተነፈሱም።

ጉጉፍቱ ላይ ሞተሩ እስኪበርድ ወረድን። ዛሬ ጉጉፍቱ ሆቴሉ ተደርድሮ፣ ባጃጁ ተንጋግቶ፣ ልጆቹ ሁሉ ስልክ ላይ አቀርቅረው ታዩታላችሁ። ያኔ ሁለት ሻይ ቤትና ብርድ ነበር። ብርዱ ብቻ ነው ያልተለወጠው። ሻይ በጣሳ እየጠጣን ሳለ እትዬ ትጓደድ ቀሚሴን፣ ሹሩባዬን፣ እጄ ላይ ያለውን እንሶስላ ሲያዩ ቆዩና፦

«አንች ልጅ፣ ሰርግ ነው የተጠራሽው?» አሉኝ።

«ሙሽራዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሾፌሩ ሻዩ ትን አለው። እትዬ ትጓደድ ጣሳቸውን አስቀመጡ።

«ኸረ በወላዲቱ! ታዲያ አጃቢሽ የት አለ? ማን ነው የሚያስገባሽ?»

«ማንም። ብቻዬን ነኝ።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ስሚኝ የኔ ልጅ። ብቻሽን በዚያ ደጅ ከገባሽ የተዳርሽ አይደለሽም፤ የኮበለልሽ ነሽ። ዛሬ በእልልታ ይቀበሉሻል። ነገ ወጥ ሲያርብሽ ‹ዱሮስ እግሯን ተከትላ የመጣች› ይሉሻል። ልጅ ወልደሽ ልጅሽ ከጎረቤት ልጅ ሲጣላ ‹የመጢት ልጅ› ይባላል። ባልሽስ ሲቆጣ ወዴት ትሄጃለሽ? ሰጪ የሌላት ሴት መመለሻም የላት።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከደሴ የወጣሁት ለአንድ ቀን ሰርግ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዕድሜ ልኬን የምጠራበትን ስም ይዤ ልገባ ነው። አለቀስኩ። ሾፌሩ አዘነልኝና «ወንድሟ ነኝ እላለሁ» አለ። እትዬ ትጓደድ «አንተን መካነ ሰላም ከነጠላ ጫማህ ያውቅሃል፤ ባለፈው ሳምንትም የሌላ ወንድም ነበርክ» አሉት። ከዚያ ሦስታችንም ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞርን።

«ጋሽ እንድሪስ፣ እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት፤ ልጄ ናት ቢሉ ማን ይጠይቅዎታል?» አሉ እትዬ ትጓደድ።

«አልዋሽም» አሉ። ከደሴ ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው እሱ ነበር። ተነሥተው ወደ መኪናው ሄዱ።

ሀዋ እዚህ ላይ ሳቀች። ሳቋ አጭር ነበር። «እሱ ነው፤ አባቴ ነው» አለች። «በበግ ዋጋ እንኳ አይዋሽም ነበር። እናቴ ስትናደድበት!» ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሚኒባሱ ከፍታው ላይ ወጥቶ ነበር። በግራም በቀኝም የገብስ ማሳ፣ ድንጋይ ካብ፣ ባና ለብሰው ከበጎች ኋላ የሚሄዱ ሰዎች። አንዲት ልጅ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣ ጆሮዋ ውስጥ የከተተችውን ሙዚቃ እያንጎራጎረች ነው። ዜማው የጥንቱ ነው፤ ግጥሙን አላውቀውም።

አቀስታ ስንደርስ ኤንትሬው እቤታቸው አጠገብ ቆመላቸው። ገና ሳይወርዱ አንዲት ሴትዮ ከግቢው እየሮጠች መጣች። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ፤ አላነሳችውም። መጥታ በጋቢናው በር አንገቷን አስግጋ አየች። እኔን አየች። ፊቷ በራ፤ እጇን ዘረጋችልኝ። ትንሽ ቆይታ አስተዋለችኝና እጇ ወረደ።

«አላገኘኋትም ፋጡማ» አሏት ጋሽ እንድሪስ። «እስከ ባቲ ሄጃለሁ። የሚያውቃት የለም።»

ይህን ስነግራት ሀዋ ትከሻዬን ያዘች። «እማዬ ሮጠች?» አለችኝ። «እናትሽ ሮጠች» አልኳት። «ያየችው እኔን ነው እንጂ የሮጠችው ወዳንቺ ነው።» ለካ ሰውዬው ከደሴ ጀምሮ ዝም ያሉት ስላላገኟት ነበር። እኔን፣ እንሶስላ የሞቀች፣ በሰው መኪና ብቻዋን የምትሄድ ልጅ፣ ያን ሁሉ መንገድ አጠገባቸው አስቀምጠው ሲቆጥሩ የመጡት ሙስበሃ ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ሰውዬው ወርደው፣ ሚስታቸውን አቅፈው አጽናንተው፣ ወደኔ ዞሩና «ውረጂ» አሉኝ። ሾፌሩ «ጋሽ እንድሪስ፣ መሽቶ እንዳንገባ» ቢል «ቆይ» አሉት። እኔን ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ ያልሆነችውን ልጄ ናት አልልም፤ አላህ ይሰማል። ልጄ ሁኚና ልጄ ናት ልበል። ትሆኛለሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። እትዬ ፋጡማ ቤት ገብተው በጣባ ማር ይዘው መጡ። ጋሽ እንድሪስ አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና «ጥቢ» አሉኝ። ያገሩ ልማድ ነው፤ ያልወለዱትን ልጅ የሚያደርጉበት፣ ጡት ማጣባት የሚሉት። ሃያ ዓመት የሞላኝ ሰው፣ ናይለን ለብሼ፣ ተቀብቼ፣ በአቀስታ መንገድ ዳር የማላውቀውን ሰው ጣት ጠባሁ። ሾፌሩና እትዬ ትጓደድ ምስክር ሆኑ። «ሸሪዓው ምን እንደሚለኝ እንጃ፤ ያባቶቼ ልማድ ግን ይኸው ነው» አሉና ጋሽ እንድሪስ ሳቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሳቃቸው ነው። እትዬ ፋጡማ በውሃ ፊቴን አጠቡኝ፤ እንባ አበላሽቶት ነበር። ከዚያ ሰውዬው፣ ከስንት ቀን መንገድ ተመልሰው እግራቸው ደጃቸውን ሳይረግጥ፣ ባናቸውን አስተካክለው ተመልሰው መኪናው ላይ ወጡ።

መካነ ሰላም ስንገባ ከዳሱ እልልታ ተነሣ። አማቴ ወይዘሮ ዘነበች በሩ ላይ ቆመዋል። ቁመታቸው ረዥም፣ አነጋገራቸው አጭር ነበር፤ ኋላም ብዙ አስቸገሩኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና ዓይናቸውን ከኋላዬ ወዳሉት ባለጥምጣም አነሡ።

«እንግዳው ማን ይባላሉ?»

«እንድሪስ ነኝ፣ ከአቀስታ። ልጄን ይዤ መጣሁ።»

«ወላጅ አባቷ ሞተዋል ብለውን ነበር።»

«እውነት ነው፣ ሞተዋል። እኔ የጡት አባቷ ነኝ።»

ዳሱ ጸጥ አለ። አማቴ ግን የተጨነቁት እኔ በፈራሁት አልነበረም። ወደ ጓዳ ዞረው «በሬውን ማን አረደው?» ብለው ጮኹ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባን። በሬው የታረደው በክርስቲያን እጅ ነው። የሙሽራዋ አባት የማይበሉት ሥጋ ነው። የሙሽራዋ አባት ሳይበሉ ደግሞ ማንም አይበላም፤ ያ ከሆነ ሰርግ አይደለም፣ እርግማን ነው። ካህኑ ማዕዱን ሊባርኩ ቆመዋል፤ እንጀራው ተደርድሯል፤ ወጡ ይሸታል። አማቴ ለፋሲካ ብለው ሲቀልቡት የከረሙትን ሙክት በጆሮው ጎትተው አመጡና ከአዲስ ቢላ ጋር ለጋሽ እንድሪስ ሰጧቸው። «ይረዱ፤ ድስቱን ከእትዬ ሀሊማ ቤት እናስመጣለን፤ እኛ እንጠብቃለን» አሉ። ጋሽ እንድሪስ ቢስሚላህ ብለው አረዱ። እትዬ ሀሊማ የሚባሉት እስላም ጎረቤታችን ሠሩት። ያ ሁሉ ሰው፣ ቄሱ፣ ሽማግሌው፣ ከወግዲ ድረስ በበቅሎ የመጣው ዘመድ ሁሉ፣ አንድ በግ እስኪበስል ድረስ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። አዝማሪው ዘፍኖ ዘፍኖ ድምፁ ሰለለ። በመጨረሻም እሳቸው የመጀመሪያዋን ጉርሻ በሉ፤ ቀጥሎ ከኛው ማዕድ እኔን አጎረሱኝና ሰርጉ ተጀመረ።

ከዚያ ወዲያ በመካነ ሰላም እኔን «እግሯን ተከትላ መጣች» ያለኝ ሰው የለም። እንዴት ብሎ! ሰዉ ሁሉ ለዓመታት በየለቅሶውና በየማኅበሩ «የሷን አባት ስንጠብቅ በረሃብ የደረቅንበት ሰርግ» እያለ ሲያማርር ነው የኖረው። ያ ሁሉ እሮሮ ለኔ ምስክር ነበር።

ለሀዋ ያልነገርኳትም አለ። መልሱን የተጠራነው አቀስታ እንደሆነ፣ ታደሰ የአማቱን ደጅ ሲሳለም እትዬ ፋጡማ ከላይ እስከ ታች አይተው «ይሄ ሱሪ ቤት ይጠርጋል እንዴ?» እንዳሉት፣ ከዓመታት በኋላ ታደሰ ክፉ ቃል ሲናገረኝ ልጄን አዝዬ ወደ አቀስታ እንደወጣሁ፣ ጋሽ እንድሪስ «ምን አደረግሽ?» ብለው ሳይጠይቁኝ አልጋቸውን ለቀው ከደጅ የጠፍር አልጋ ላይ እንደተኙልኝ፣ ሦስት ሽማግሌ መጥቶ እስኪለምናቸው ድረስም አላስመልስም እንዳሉ። ያን ሁሉ አልነገርኳትም። የሷ የነበረ ነው። የአባት ቤት መመለሻ ማለት ነው፤ እኔ የተመለስኩበትን ቤት እሷ ሳትመለስበት አባቷ አፈር ሆኑ። ደስታዬ ሁሉ አሳፈረኝ። አልጋው ላይ በተኛሁባቸው ቀናት እትዬ ፋጡማ ሌሊቱን መጥተው ብርድ ልብሱን ሲያለብሱኝ ነቅቼ አውቃለሁ። ማንን እንደሚያለብሱ አልጠየቅኩም።

የነገርኳት አንድ ነገር ነው። በሰርጉ ማግስት ጋሽ እንድሪስ ሊመለሱ ሲነሡ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉልኝ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ «ሀዋ የምትባል ልጅ አለችኝ። ሳልመርቃት ወጣች። እኔ ላንቺ እንደቆምኩ ለሷም አንድ ሰው በሰው አገር ይቁምላት። ይህን ያደረግኩት ለዚያ ነው የሺ፣ አትቀየሚኝ።» አልተቀየምኩም። የሀዋ ምትክ ሆኜ ሳይሆን ለሀዋ የተሰጠ ስለት ሆኜ ነው የገባሁት። በየዓመቱ ባገኘኋቸው ቁጥር ይህንኑ ዱዓ ይደግሙት ነበር። ሊሞቱ ሲሉም ደገሙት።

«ሰማሽኝ ሀዋ? አልተካሽም» አልኳት።

መነጽሯን እያገላበጠች ታየዋለች።

«ማንም አልቆመልኝም» አለች። «በጀልባ ተሻገርኩ። ከአንድ ቤት አንድ ቤት፣ ከአንድ እመቤት አንድ እመቤት። ወረቀት የለኝም፤ ብመለስ መግቢያ የለኝም። ስልክ ሲመጣ ደወልኩ። ሙሄ ወንድሜ አባቴ መሞቱን ነገረኝና ‹አሁን ነው ያስታወስሽን?› አለኝ። ዘጋሁት። አሁን ደግሞ ያ አገር በቃሽ አለኝ። ወላሂ የሺ፣ አንድ ሰው እንኳ አልቆመልኝም። ዱዓው አልደረሰም።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» እንዳልላት፣ እኔ የዱዓውን ግማሽ በልቼ የኖርኩ ሰው ነኝ።

«አቀስታ ወራጅ!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ። ሀዋ አልተነሣችም። «ወራጅ የለም?» አለ። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ተቆላልፈዋል። «እንዴት ብዬ ነው የምገባው?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሳልመረቅ የወጣሁበትን ደጅ ብቻዬን እንዴት ነው የምገባው? ደሴ ላይ ሆቴል ሦስት ቀን የተቀመጥኩት ይህን ሳስብ ነው።»

የኔ ትኬት እስከ መካነ ሰላም ነው። ታደሰ ደግሞ ምሳ እየጠበቀኝ ነው። «ሁለት ወራጅ አለ» አልኩት ረዳቱን።

ሻንጣው ባጃጁ ውስጥ አልገባ ብሎ ጣራው ላይ ታሰረ። ግቢው ድንጋይ አጥሩ በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ሌላ በቅሏል። ሀዋ ምኑንም አላወቀችውም፤ እጄን ይዛኝ ነበር፣ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ እስኪገባ። በሩን አንኳኳሁ። ሙሄ ራሱ ወጣ፤ ጢሙ ሸብቷል፣ አባቱን መስሏል። «የሺዬ! ምነው ሳትደውይ?» አለና ከኋላዬ ያለችውን አየ። አባያውን፣ ሻንጣውን፣ ከዚያ ፊቷን። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች። ሙሄ ጥርሱን ነክሶ ቆየ፤ ስንት ዓመት የተጠራቀመ ነገር አፉ ላይ እንደነበረ እኔ አውቃለሁ።

«ይዣት መጣሁ» አልኩት።

ከውስጥ፣ ከአልጋው በኩል፣ የእትዬ ፋጡማ ድምፅ መጣ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሯቸውም እንደነገሩ ነው። የኔን ድምፅ ግን ይለያሉ።

«ማነው ሙሄ? የሺ ናት?»

ሙሄ ሻንጣውን ከሀዋ እግር ሥር አነሣ። ከብዶት ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል ዓይኑ ሞልቶ ነበር።

«ሁለቱም ናቸው እማዬ» አለ።